የ«ለካ» ልቦለድ፦ የቤተሰብ ምስጢር ያዘለ የማደግ ታሪክ እንዴት ይነበባል

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የራት ሰዓት ላይ በር ጥግ ቆማ ታያለች። አያቷ ጠረጴዛው ላይ አምስት ሳህን ትደረድራለች። ቤት ውስጥ ያሉት ግን አራት ሰዎች ናቸው። እናትየዋ ቃል ሳትተነፍስ አምስተኛውን ሳህን አንስታ ወደ መደርደሪያው ትመልሰዋለች። ልጅቷ ይህን ከነገረችን በኋላ «አያቴ ስላረጀች ቆጠራ ይምታታባታል» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች። ነገሩ አምስት መስመር አይሞላም። ሁለት መቶ ገጽ ያህል ካለፈ በኋላ፣ ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ «ለካስ አያቴ አንድም ቀን ቆጠራ ተምታቶባት አያውቅም» ትላለች።

ትዕይንቷ ለማሳያ ያህል እዚህ የተፈጠረች ናት፤ እየደጋገምን እንመለስባታለን።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ተብሎ የተፈጠረ የሚመስል ቃል አለው፤ «ለካ»። ሰው ዓይኑ እያየ ሳይገባው የኖረው ነገር ድንገት ሲገለጥለት የሚናገራት ቃል ናት። «ለካ ታለቅስ ኖሯል» የሚል ሰው ድምፁን ያኔውኑ ሰምቶታል፤ ዛሬ የተገለጠለት ልቅሶ መሆኑ ነው። ልጅ የሚያድግበትንና ቤተሰብ የሚደብቅበትን ልቦለድ ከወንጀል ምርመራ ልቦለድ የሚለየው ይኸው ነው። በወንጀል ልቦለድ ፍንጭ እየተፈለገ ይሰበሰባል። እዚህ ፍንጩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የሚጎድለው እሱን የሚያነብ ዕድሜ ነው። ስለዚህ «ምስጢሩ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሁለተኛ አድርጉት። አንደኛው «መቼ አየችው? መቼ ገባት? በመካከሉ ዝም ያለው ማን ነው?» የሚለው ይሁን።

ቅኔ የለመደ አንባቢ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ ትዝ ሊለው ይችላል። ልዩነቱን ማስተዋል ይጠቅማል፦ በቅኔ ሰሙና ወርቁ በአንድ ቃል ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ፤ የሰማ ሰው እዚያው ይፈታቸዋል። በእንዲህ ያለ ልቦለድ ሰሙ ገጽ 12 ላይ፣ ወርቁ ገጽ 240 ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር የልጅቷ ሕይወት ነው፤ ልቦለዱም እሱ ነው።

ጀርመኖች የማደግን ልቦለድ ቢልዱንግስሮማን ይሉታል። ቃሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋወቀው የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ካርል ሞርገንስተርን ሲሆን፣ በኋላ ፈላስፋው ዊልሄልም ዲልታይ አስፋፋው። በጥንታዊው መልኩ ወጣቱ ከቤቱ ወጥቶ ዓለምን አይቶ ይበስላል። የቤተሰብ ምስጢር ሲገባበት ግን ጉዞው ይገለበጣል። ባለታሪኳ ርቃ ብትሄድም የምትበስለው ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው መሳቢያ፣ ወደዚያው ፎቶ ስትመለስ ነው። ለዚህ ነው በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ክፍሎች፣ በሮችና ዕቃዎች ያን ያህል ቦታ የሚይዙት፤ መቼቱን እየዘለላችሁ የምታነቡ ከሆነ የመጽሐፉን ግማሽ ትተዉታላችሁ።

ከመክፈታችሁ በፊት

የጀርባ ሽፋኑን ተዉት። አሳታሚ ገዢ መሳብ ስላለበት የታሪኩን የመጀመሪያ ሲሶ እዚያ ይዘረግፈዋል፤ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ደግሞ ሲሶው ብዙ ነው። የቆዩ ታዋቂ ሥራዎች በአዲስ እትም ሲወጡ ምሁር የጻፈው መግቢያ ከፊት ይቀድማል። ጸሐፊው አንባቢው ታሪኩን ያውቀዋል ብሎ ስለሚነሣ ምስጢሩን በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ሊያወጣው ይችላል፤ መግቢያውን ለመጨረሻ አቆዩት። ፊት ለፊት የዘር ሐረግ ሥዕል ካለም እለፉት፤ ማን ከማን እንደተወለደ በመስመር የተሣለበት ገጽ አንዳንዴ ሙሉ መልሱን ይዟል። በኪንድል (በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) የምታነቡ ከሆነ ብዙ ሰው ያሰመረባቸውን ዐረፍተ ነገሮች የሚያሳየውን ቅንብር አጥፉ፤ መስመሩ የሚበዛው ነገሩ በሚወጣበት ቦታ ስለሆነ ሩቅ ሆኖ ይጠቁማል። ስለ ገጸ ባሕርያት መረጃ የሚሰጠውን ኤክስ ሬይ የተባለ አገልግሎትም አትንኩት፤ ስም ለማስታወስ ብላችሁ ስትከፍቱት ዝምድናውን ያነብላችኋል።

ስለ ፍጥነት፦ 350 ገጽ ያለውን መጽሐፍ በቀን ከ45 እስከ 50 ገጽ እያነበቡ በሰባት ወይም በስምንት ቀን መጨረስ ጥሩ ልክ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ከዘገየ ገጽ 12 ላይ ያለው ሳህን ከአእምሮ ይወጣል፤ ያኔ ገጽ 240 ላይ ያለው «ለካ» ባዶ ላይ ይወድቃል። በአንድ ሌሊት ከተዋጠ ደግሞ በማየትና በመረዳት መካከል ያለው ጊዜ ለአንባቢው አይሰማውም። ባለታሪኳ ሰባት ዓመት የጠበቀችውን እናንተ አራት ሰዓት ብቻ ትጠብቁታላችሁ። በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ለሁለተኛ ንባብ መልካም ነው፤ ለመጀመሪያው ግን አይመከርም። አንባቢው ተዋናይ ልጅቷ ያልገባትን ዐረፍተ ነገር በገባው ሰው ቃና ሊያነበው ስለሚችል ሰሙን ሳታዩት ወርቁን ያሰማችኋል።

ባለ ሦስት ዐምድ ወረቀት

አንድ ተራ ወረቀት ለሦስት ከፍላችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ዐምድ የገጹን ቁጥር፣ በሁለተኛው የታየውን ወይም የተሰማውን ነገር፣ በሦስተኛው ለነገሩ ማን ምን ምክንያት እንደሰጠ ጻፉ። የሳህኑ ትዕይንት እንዲህ ይገባል፦ «12 / አምስት ሳህን፣ አራት ሰው፣ እናት ዝም ብላ አንዱን መለሰች / ልጅቷ፦ አያቴ አርጅታለች»። ሁለተኛው ዐምድ ላይ ግምትም ስሜትም አታስገቡ። «እናት ደንግጣ መለሰች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ድንጋጤው የእናንተ እንጂ የመጽሐፉ ላይሆን ይችላል፤ በኋላ ስትመለሱበት የደራሲውን ዐረፍተ ነገርና የራሳችሁን ትርጉም መለየት ያቅታችኋል። በዚህ ወረቀት ላይ የሚፈጠረው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት መብዛት ነው። ለሙሉ መጽሐፍ ከ20 እስከ 25 መስመር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሁሉም ዕቃ፣ ሁሉም ሳል፣ ሁሉም የተዘጋ በር ምልክት መስሎ መታየት ጀምሯል ማለት ነው። መመዝገብ ያለበት ምን እንደሆነ ለመለየት አንድ መስፈርት አለ፦ ልጅቷ የሰጠችው ምክንያት ለነገሩ የማይበቃ ሲሆን ጻፉት። ያረጀች ሴት ቆጠራ ብትሳሳት፣ አንድ ሰው «አምስት አደረግሽ እኮ» ብሎ ይናገራት ነበር፤ ማንም አለመናገሩ ከምክንያቱ በላይ ነው። በሩ የተዘጋው ብርድ ስለሆነ ከሆነና ውጭው እውነትም ብርድ ከሆነ ግን በር በር ነው።

ከመስመር ይልቅ ነጥብ ተጠቀሙ። ዐረፍተ ነገር ላይ ያሰመረ ሰው በሁለተኛው ንባብ ዓይኑ መስመሩን ብቻ ይከተላል፤ በኅዳግ ላይ የተቀመጠች የእርሳስ ነጥብ ግን አንቀጹን ሁሉ ታስነብባለች። ሦስት ምልክት ይበቃል፤ ታይቶ ላልገባ ነገር ነጥብ፣ ዐዋቂዎች ዝም ላሉበት ቦታ አጭር ጭረት፣ መረዳት ለመጣበት ቦታ ደግሞ «ለ» ፊደል። መጽሐፉ ሲያልቅ እያንዳንዱ «ለ» ወደ ኋላ ቢያንስ አንድ ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ነጥብ የሌለው «ለ» ካገኛችሁ ወይ እናንተ አልፋችሁታል፣ ወይ ደራሲው አልዘራውም። ወደ ኋላ ተመልሶ የትኛው እንደሆነ ማጣራት ከማንኛውም ሐያሲ ጽሑፍ ይበልጥ ያስተምራል።

ከወረቀቱ ጀርባ የዘር ሐረጉን ራሳችሁ ሣሉት። ስም ብቻ አትጻፉ፤ የትውልድ ዓመትና በየምዕራፉ ያለውን ዕድሜ አስገቡ። የቤተሰብ ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በሒሳብ ውስጥ ነው። ልጅቷ የወላጆቿን የሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቀን ታነባለች፤ ከስምንት ምዕራፍ በኋላ የታላቅ ወንድሟ የልደት ቀን ይነሣል፤ ደራሲው ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አያስቀምጣቸውም። እርግዝና ዘጠኝ ወር ገደማ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ወረቀቱ ላይ ሲቀንስ አምስት ወር ብቻ ያገኛል። አባት «በዚያ ዓመት ውትድርና ላይ ነበርኩ» ካለ ዓመቱን ከልጆቹ ዕድሜ ጋር አስተያዩት። በሁለት ልጆች መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ክፍተት ካለና ሌሎቹ በየሁለት ዓመቱ የተወለዱ ከሆነ ክፍተቱን በጥያቄ ምልክት ሙሉት፤ አምስተኛው ሳህን የዚያ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ከየባልና ሚስቱ አጠገብ ለአንድ ተጨማሪ ሰው የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉ፤ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ልጅ «አክስቴ» ያለቻት ሁሉ የሥጋ ዘመድ ላትሆን ስለምትችል፣ ዝምድናው በትልቅ ሰው አፍ እስኪረጋገጥ መስመሩን በነጠብጣብ ሣሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሒሳቡ የማይገጥመው ደራሲው ራሱ ስለተሳሳተ ሊሆንም ይችላል። አንድ ቀን ብቻ ካልገጠመ ማስታወሻ ይዛችሁ ቀጥሉ፤ ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ አለመግጠም ሲመጣ ግን ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው።

ዝምታ ዓይነት አለው

በነዚህ መጻሕፍት ምልልሱን የሚያነብ ሰው የተነገረውን ብቻ ካነበበ ጥቂት ያገኛል። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራው፣ ታሪክ አንድን ጥያቄ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ሳይመልስ የሚያቆይባቸውን መንገዶች ለይቶ አስቀምጧል፦ ወጥመድ፣ አሻሚ መልስ፣ ከፊል መልስ፣ የተቋረጠ መልስ፣ እንዲሁም «ይህ መልስ የለውም» ብሎ መዝጋት። ስያሜዎቹን ወደ ቤተሰብ ጠረጴዛ ስናመጣቸው በጣም ይሠራሉ። ልጅቷ «አጎቴ ለምን አይመጣም?» ስትል በር ከተንኳኳ መልሱ ተቋርጧል፤ ደራሲው በሩን ያንኳኳው ለዚሁ ነው። «ሩቅ ነው ያለው» ከተባለች አሻሚ ነው፤ ከአገር ውጭ የሄደም፣ የታሰረም፣ የሞተም ሰው ሩቅ ነው። «እሱ ሥራ ይበዛበታል» ወጥመድ ነው። «ትልቅ ስትሆኚ ይገባሻል» መዝጊያው ነው፤ የማደግ ልቦለድ ደግሞ ይህችን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል የሚፈጽም የድርሰት ዓይነት ስለሆነ፣ ባያችኋት ቁጥር ጭረት አድርጉባት።

ሌላም የሚታይ አለ። ሁለት ዐዋቂዎች አንድን የቆየ ነገር በየራሳቸው ሲተርኩ ዝርዝራቸው ትንሽ ቢለያይ የማስታወስ ባሕርይ ነው፤ እሱ ዝናብ ነበር ይላል፣ እሷ ፀሐይ። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተናገሩ ግን ተማክረዋል። ስለዚህ በተለያየ ምዕራፍ የተደገመን ሐረግ ከተጋጨ ምስክርነት የበለጠ ተጠራጠሩት። ጥያቄው ትንሽ ሆኖ ቁጣው ትልቅ ሲሆንም እንደዚሁ። ልጅቷ ስለ መሳቢያው ቁልፍ ስትጠይቅ በጥፊ ከተመታች፣ ጥፊው የቁልፉ ዋጋ ነው።

በየመቶ ገጹ ደግሞ ሦስት ቃል ጽፋችሁ ስሞችን ከሥራቸው አስገቡ፦ ያውቃል፣ ይጠረጥራል፣ አያውቅም። ይህ ከሁሉም ማስታወሻ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። አንባቢ ምስጢሩን ገና በገጽ 80 ገምቶ «ገባኝ» ሲል መጽሐፉ የሞተ ይመስለዋል፤ እዚያ ላይ የሚዘጋውም ብዙ ነው። መገመት ጉዳት የለውም። ብዙ ጥሩ ደራስያን እንዲያውም አንባቢው ከልጅቷ ቀድሞ እንዲያውቅ ያደርጋሉ፤ እኛ እያወቅን እሷ ሳታውቅ ወደ በሩ ስትሄድ የሚሰማን ስጋት የዚህ ጽሑፍ ዓይነት ዋና ጉልበት ነው። ከገመታችሁ በኋላ ጥያቄያችሁን ወደ ዝርዝሩ አዛውሩት፦ አያቷ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለች? ጎረቤቷስ? ማን በዝምታው ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳበታል? አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ከልጅቷ በቀር ሁሉም ያውቅ እንደነበር ነው። ያን ጊዜ «ምስጢር» የሚለው ቃል ራሱ ይለወጣል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምስጢር የሆነው ለአንዲት ሰው ብቻ ነው፤ ለምን ለእሷ?

ሁለት ዕድሜ በአንድ አንደበት

«እኔ» እያለ የሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ ያቺ «እኔ» ሁለት ሰው ናት። አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ታያለች። ሌላዋ ምናልባት አርባ ዓመት የሆናት ሴት ናት፤ ትጽፋለች። የሁለቱን ድምፅ የመለየት ልምድ ከሌለ ሁሉም ነገር ይደባለቃል። ምልክቶቹ ትናንሽ ናቸው፦ «ያኔ አላወቅሁም»፣ «በኋላ እንደነገሩኝ»፣ «ዛሬ ሳስበው» ያሉት የትልቋ ናቸው፤ «መሰለኝ»፣ «አሉ»፣ «እማዬ እንዳለችው» ያሉት የትንሿ። የትልቋ ቃል ብቻውን ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆሚያ፣ ሊሆን ይችላል። «ያ የመጨረሻው የደስታ ክረምታችን መሆኑን አላወቅሁም» ያለች ተራኪ ወደ ፊት ያለውን ነግራናለች፤ ምልሰት የሚመስለው ሁሉ ወደ ኋላ ብቻ አይመለከትም።

አሜሪካዊው ሐያሲ ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ስያሜ ካስተዋወቀ ወዲህ አንባቢዎች ልጅ ተራኪን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ይወዳሉ። ለልጅ ስያሜው በጥንቃቄ ነው የሚሠራው። ልጅ ባየችው ትታመናለች፤ የማትታመነው ላየችው በሰጠችው ምክንያት ነው። አምስት ሳህን ካለች አምስት ነው። በተቃራኒው ትልቋ ተራኪ ምክንያቱን ታውቃለች፣ ግን ትደብቃለች። ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ጄራር ዠኔት እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ስም ሰጥቶታል፤ ፓራሊፕሲስ ይለዋል፣ ተራኪው የሚያውቀውንና ሊናገረው የሚገባውን ጎን ለጎን አልፎ መሄድ። ልቦለዱ የሚቆመው በዚህ ማለፍ ላይ ስለሆነ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ማለፉ በቅንነት ነው ወይስ በማጭበርበር የሚለው ነው፤ መፈተኛም አለው። ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ነጥብ ካደረጋችሁባቸው ውስጥ አምስቱን መርጣችሁ ተመለሱ። ዐረፍተ ነገሮቹ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ፍቺ እውነት ሆነው ከቆሙ ደራሲው ንጹሕ ነው። «አያቴ ስላረጀች ይመስለኝ ነበር» በሁለቱም እውነት ነው። «ቤታችን ውስጥ ከአራታችን በቀር ማንም ኖሮ አያውቅም» ብላ ትልቋ በራሷ ድምፅ ከተናገረችና ሐሰት ከሆነ፣ ለሐሰቱም በታሪኩ ውስጥ ምክንያት ከሌለው፣ አንባቢው ተታሏል፤ ቅር መሰኘቱም ተገቢ ነው።

ነገሩ ከወጣ በኋላ ያለው ሲሶ

የቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» 59 ምዕራፎች አሉት፤ ባለታሪኩ በሕይወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ትልቁን ምስጢር የሚያውቀው ምዕራፍ 39 ላይ ነው። የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» 38 ምዕራፎች አሉት፤ ቤቱ የደበቀው ነገር የሚወጣው ምዕራፍ 26 ላይ ነው። ሁለቱንም አካፍሏቸው፦ ከመቶ 66 እና ከመቶ 68። የወረቀት መጽሐፍ የያዘ ሰው ነገሩ ሲወጣ በቀኝ እጁ ምን ያህል ገጽ እንደቀረ ይሰማዋል፤ ሲሶው ገና አለ። ያ ሲሶ ትርፍ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ልጅቷ ነገር ሲደረግባት ኖራለች፤ ከዚያ በኋላ ባወቀችው ነገር የምታደርገውን የምትወስነው እሷ ናት። ትናገራለች ወይስ ዝም ብላ አምስተኛውን ሳህን ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች? ማደጉ እዚህ ነው ያለው። ብዙ አንባቢ «ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘ» ሲል የሚሰማው፣ የፈለገው ምስጢር ብቻ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ነገሩ የወጣበትን ምዕራፍ ጨርሳችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በዚያው ቀን ወደ መጀመሪያው ገጽ ለመመለስ ያለውን ፍላጎት ያዙት፤ ጊዜው ገና ነው። በማግሥቱ ከጡዘቱ በኋላ ያለውን ቀስ ብላችሁ፣ በቀን 30 ገጽ ያህል አንብቡ። በዚህ ክፍል እርሳሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ልጅቷ ዐዋቂዎቹን የምትጠራበት ስም ተለውጧል? «እማዬ» ያለችው «እናቴ» ሆኗል? ቀድሞ የምትጠይቀውን አሁን ሳትጠይቅ ታልፋለች? ከእሷ የሚያንስ ልጅ ጥያቄ ሲጠይቃት ምን ትመልሳለች? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ራሷ ደባቂ የምትሆንበት ወይም ሰንሰለቱን የምትበጥስበት ቦታ ነውና።

መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መርካት ወይም አለመርካት ይመጣል። ዲከንስ ራሱ የመጽሐፉን የመጀመሪያ መጨረሻ በወዳጁ በኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ምክር ከኅትመት በፊት ለውጦታል፤ የመጀመሪያው መጨረሻ በአንዳንድ እትሞች ጀርባ ላይ ይገኛል። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ የመጨረሻ ገጽ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ እንዴት እንደሚያቀልማቸው በዓይኑ ያያል።

ዘመኑ፣ ሕጉ፣ ቋንቋው

«ለምን ዝም ብለው አልነገሯትም?» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓመት ካለማጣራት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጉዲፈቻ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች ዐዋቂ ሲሆኑ የመጀመሪያ የልደት መዝገባቸውን የማየት መብት ያገኙት ግን በ1975 በወጣው ሕግ ነው። በስኮትላንድ ከ1930 ጀምሮ ተፈቅዷል። እንግዲህ ታሪኩ በ1960 ለንደን ውስጥ ከሆነ፣ ባለታሪኳ ሄዳ የምትጠይቀው ቢሮ የለም፤ ደብዳቤ፣ ፎቶ ወይም የሰከረ አጎት የግድ ያስፈልጋታል። ደራሲው ደብዳቤውን ከሰማይ ያወረደው የመሰለው አንባቢ ሕጉን ሲያውቅ ሴራው የተሠራበት ምክንያት ይገባዋል። ታሪኩ በቅርቡ ዘመን ከሆነ ጥያቄው ይገለበጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ቤት ውስጥ በተሰበሰበ ምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ በገበያ ላይ ስላለ፣ ባለታሪኳ ለምን እንዳልተመረመረች መጽሐፉ መልስ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ድክመት ነው።

በትርጉም ለሚያነብ ሰው ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ምስጢር ሊያወጣ ይችላል። በእንግሊዝኛ ያለ ፊርማ የተጻፈ ደብዳቤ «አንተ» ይሁን «አንቺ» ሳይለይ ገጽ ሙሉ ሊሄድ ይችላል፤ በአማርኛ «ናፍቀኸኛል» ወይም «ናፍቀሽኛል» ከመባል ማምለጫ የለም። የሞተ ሕፃን ሲነሣ «ሕፃኑ» ወይም «ሕፃኗ» ይባላል፤ ጾታው መደበቅ የነበረበት ከሆነ ተርጓሚው ከባድ ሥራ አለበት። «ከዝን» የሚለውን ቃል ወደ የአጎት ልጅ ወይም የአክስት ልጅ ለመመለስ ተርጓሚው መጽሐፉን እስከ መጨረሻ አንብቦ መነሣት አለበት፤ ካላነበበ በምዕራፍ 3 የአጎት ልጅ የነበረችው በምዕራፍ 20 የአክስት ልጅ ሆና ትመጣለች፣ አንባቢውም የሌለ ፍንጭ ይመዘግባል። የዝምድና ስም መሀል ላይ ሲለወጥ ካያችሁ ፍንጭ ከማለታችሁ በፊት ዋናውን ቋንቋ የሚያይ ሰው ጠይቁ።

«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ሲለወጥም እንዲሁ። ሁለት ዐዋቂዎች በሰው ፊት እየተከባበሩ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ካልተከባበሩ በመካከላቸው የተደበቀ ቅርበት አለ። መጽሐፉ የተተረጎመው ከፈረንሳይኛ ወይም ከጀርመንኛ ከሆነ ሁለቱም ቋንቋዎች የአክብሮትና የቅርበት መጠሪያ ስላላቸው ለውጡ የደራሲው ሊሆን ይችላል። ከእንግሊዝኛ ከሆነ የተርጓሚው ውሳኔ ነው። ተርጓሚ «ለካ» ን የሚጨምርበት ቦታም እንደዚሁ ነው፤ ዋናው «አወቅሁ» ብቻ ብሎ ባለፈበት «ለካ» ከገባ መረዳቱ ከደራሲው ሐሳብ በላይ ይጮኻል። በጥሩ ትርጉም ውስጥ «ለካ» ቁጥሯ ጥቂት ናት።

የመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች፣ እንደገና

መጽሐፉ ባለቀ በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች ብቻ ድጋሚ አንብቡ። ሙሉውን መድገም ለሚችል መልካም ነው፤ 30 ገጽ ግን ለማንም አይከብድም፣ ብዙው ነገር የተዘራውም እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በወረቀታችሁ ላይ ገልብጡትና ማን እንደተናገረው ወስኑ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ናት ወይስ የአርባዋ? ሦስተኛውን ዐምድ በሌላ ቀለም አርሙት፤ «አርጅታለች» የሚለው ይሰረዝና እውነተኛው ምክንያት ይገባል። ሊታረም ያልቻለ መስመር ከቀረ አታስገድዱት፤ ጥሩ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ሳይፈቱ ይቀራሉ።

በመጀመሪያው ንባብ ዓይናችሁ ሳህን የምትደረድረው አያት ላይ ነበር፤ ልጅቷ ያሳየችን እሷን ስለሆነ። አሁን እናትየዋን ተመልከቱ። ሳህኑን አንስታ እስክትመልስ ድረስ ደራሲው ስንት ቃል ሰጥቷታል? በሁለት እጇ ነው የያዘችው ወይስ በአንድ? መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር ደረበችው ወይስ ለብቻው አኖረችው?